በአዲስ አበባ ዳርቻ በባዶ እግር፦ ከየት እንጀምር፣ የት ላይ ጫማ እናድርግ

ከተማው ጫፍ ላይ መኖር ጣጣው ብዙ ነው። ታክሲ ይጠፋል፣ ውሃ በፈረቃ ነው፣ መንገዱ ተጀምሮ አያልቅም። በአንድ ነገር ግን መሃል ከተማን እናስንቃለን። ለእግር የሚሆን መሬት አለን። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሣር አለ። እንጦጦ ጥግ የባህር ዛፍ ጥላ አለ። በለገጣፎና በሰንዳፋ በኩል ከሰፈር ወጣ ሲሉ የከብት መሄጃ ቀጭን መንገድ ይገኛል። ጫማ አውልቆ ለመሄድ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ይፈለጋል እንጂ። ይህን መመሪያ የጻፍኩትም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ጫማ አጥቶ በባዶ እግር መሄድና ጫማ እያለ አውልቆ መሄድ ለየቅል ናቸው። ሁለተኛው ደስ የሚለው መሬቱን መምረጥ ስለሚቻል ነው። እዚህ ላይ አወልቃለሁ፣ እዚያ ጋ አደርጋለሁ ማለት ይቻላል። መምረጥ በማይቻልበት ቦታና ሰዓት ጫማችሁን አድርጉ። የእኔ ሕግ ይኸው ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ዝርዝሩ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ስኳር ያለበት ሰው ይህን ነገር ይተወው። በረንዳ ላይም፣ ሣር ላይም ቢሆን። ስኳር የእግርን ስሜት ያደነዝዛል። ጠጠር ሲቆርጠው፣ ሚስማር ሲወጋው አይሰማውም። ቁስሉም ቶሎ አይድንም፤ እግር እስከ ማስቆረጥ ይደርሳል። የእግር ደም ዝውውር ችግር ያለበት፣ እግሩ የሚደነዝዘው፣ ያልዳነ ቁስል ያለበትም እንደዚያው።

ቀጥሎ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት። ቴታነስ የሚባለው ነው። መነሻው አፈርና የከብት እበት ውስጥ የሚኖር ተህዋሲ ነው፤ ዳርቻ ላይ ደግሞ ሁለቱም ሞልተዋል። መሠረታዊውን ክትባት የጨረሰ ሰው በየ10 ዓመቱ ማጠናከሪያ ይወስዳል። መቼ እንደተከተባችሁ ካላስታወሳችሁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ጠይቁ። ይህን ሳትጨርሱ ወደ ውጭ አትውጡ።

ሦስተኛው ሰፋ ያለ ነገር ነው።

ስለ ቀይ አፈር

ዝሆኔን የማያውቅ የደጋ ሰው የለም። እግር ያብጣል፣ ቆዳው ይወፍራል፣ ይሻክራል፣ ጣቶች ይጠነክራሉ። ብዙ ሰው እርግማን ነው ይላል። ሌላው ይተላለፋል ብሎ ይሸሻል፤ በዚህ ምክንያት ትዳር ያጡ፣ ከማኅበር የተገለሉ አሉ። በደጋው የሚታየው ዝሆኔ ግን እርግማንም ተላላፊም አይደለም። የሚመጣው ከአፈር ነው።

ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ ሸክላማ አፈር ውስጥ በጣም ደቃቅ የሆኑ ማዕድናት አሉ። እነዚህ በባዶ እግር ቆዳ በኩል ዘልቀው ይገባሉ። ውስጥ ሲደርሱ ፈሳሽ የሚያመላልሱትን የሊምፍ ቱቦዎች ያስቆጣሉ፤ ውሎ አድሮም ይደፍኗቸዋል። ፈሳሹ መሄጃ ሲያጣ እግር ያብጣል። ሁሉም ሰው እኩል አይጋለጥም። ተጋላጭነቱ በቤተሰብ ይወረዳል፤ ስለዚህ እናት ወይም አያት ላይ ያየ ሰው በባዶ እግር መሄዱን ጨርሶ ቢተወው ይሻላል።

በሽታው የሚበዛው ከባህር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር ከፍ ብሎ፣ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በሚያገኝ ቀይ አፈር ላይ ነው። አብዛኛው አዲስ አበባ ከ2,200 ሜትር በላይ ነው። ዝናብ ደግሞ አላነሰንም። ቀሪው የአፈሩ ነገር ነው፤ እንጦጦ ግርጌ ያለው ቀላ ያለ አፈር አንዱ መጠንቀቂያ ቦታ ነው።

አትደንግጡ። በአንድ ቀን የሚመጣ በሽታ አይደለም። ዓመታት ይፈጃል፤ በዋናነት የሚይዘውም በየቀኑ በባዶ እግሩ የሚያርሰውን፣ የሚቆፍረውንና ማታ እግሩን በሳሙና የመታጠብ ዕድል የሌለውን ነው። ስለዚህ መከላከያው ቀላል ነው። ቀይ አፈር ራቁቱን በሚታይበት ቦታ ጫማ አድርጉ። ጓሮ ስትቆፍሩ፣ ችግኝ ስትተክሉ፣ ድንች ስታወጡ ቦቲ ወይም ሌላ ድፍን ጫማ አድርጉ። ሣር የሸፈነው፣ ሲሚንቶ፣ ኮብል ላይ ስትሆኑ ማውለቅ ትችላላችሁ። ማታ ደግሞ መታጠብ።

ምልክቶቹንም እወቁ። ሌሊት ውስጥ እግርን የሚያቃጥል ስሜት፣ ወደ ጣቶች አካባቢ የማይተው ማሳከክ፣ ማታ አብጦ ጠዋት የሚጎድል እግር። እነዚህን ካያችሁ ጫማ አድርጋችሁ ቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ። ቀድሞ ከተደረሰበት በመታጠብና ጫማ በማድረግ ብቻ ይገታል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

1. ከቤት ጀምሩ

አብዛኞቻችን ቤት ውስጥ ነጠላ ጫማ አናወልቅም። ከአልጋ ሲወርዱ እግር ራሱ ፈልጎ ይገባበታል። መጀመሪያ እሱን ከአልጋው ሥር አንሱት።

ለአንድ ሁለት ሳምንት ቤት ውስጥ ብቻ በባዶ እግር ሁኑ። ሲሚንቶው ጠዋት ይቀዘቅዛል፤ ይለመዳል። በካልሲ ማለማመድ አያስፈልግም፣ እንዲያውም ሴራሚክ ላይ ያንሸራትታል። ለበዓል ቄጤማ ሲጎዘጎዝ ደግሞ ዕድላችሁ ነው። ገና ትኩስ ሳለ፣ እንግዳ ሳይረጋግጠው፣ ጠዋት ብቻችሁን ረግጣችሁት እዩ። ውሃው ጣቶች መሃል ይገባል፣ ሽታው ከታች ይወጣል። ጫማ ያደረገ ሰው ቄጤማን የሚያውቀው በአፍንጫው ብቻ ነው።

ቤት ውስጥ አንድ ቦታ ግን ክልክል ነው፤ ኩሽና፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲጣድ። ምጣድ የነዘረው ሰው ያውቀዋል። ውሃ የፈሰሰበት ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግር ቆሞ የምጣዱን ብረት መንካት ማለት ሰውነትን ለኤሌክትሪክ መንገድ ማድረግ ነው። የጎማ ጫማ ያንን መንገድ ይዘጋል። የዳርቻ ቤቶች ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መስመራቸው በጥድፊያ የተዘረጋ ነው፤ የመሬት መስመር፣ ያመለጠውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ፣ ያለው ጥቂት ነው። ስለዚህ እንጀራ ሲጋገር፣ ልብስ ማጠቢያ ሲሠራ፣ የውሃ ፓምፕ ሲነሳ ጫማ። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

2. ግቢና ሣር

ሁለተኛው ደረጃ ግቢ ነው። ከመርገጣችሁ በፊት ግቢውን አንድ ጊዜ በደንብ ጥረጉ፤ ቤቱ ከተሠራ ብዙ ካልቆየ ደግሞ መሬቱን በመግነጢስ ዳስሱት። የድሮ ስፒከር ውስጥ የሚገኘውን በገመድ አስሮ መጎተት ነው። የሚወጣውን ሚስማርና ቁርጥራጭ ሽቦ ስታዩ ትገረማላችሁ። አርማታ የፈሰሰበት ግቢ ሁሉ የፌሮ ማሰሪያ ጥቁር ሽቦ አለው። ቀጭን ነው፣ ከአፈር ጋር ይመሳሰላል፣ ጫፉ መርፌ ነው።

ከዚያ ሣር። 10 ወይም 15 ደቂቃ፣ በአንድ ቀን ልዩነት። ከዚህ አትለፉ፤ መጀመሪያ የሚደክመው ቆዳው ሳይሆን ባታችሁ ነው። ጫማ ተረከዝን ከፍ ያደርጋል፤ ስታወልቁት ባት ይለጠጣል። ማግስቱን ደረጃ ስትወርዱ ይነግራችኋል።

ለሣር ጥሩው ሰዓት ጠዋት ነው፣ ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል። ጥቅምት ላይ ጤዛው ሳይረግፍ ረግጣችሁት እዩ። መጀመሪያ ብርዱ እስከ ቁርጭምጭሚት ይወጣል። ትንሽ ስትራመዱ ደም ይመጣና እግሩ ከውስጥ መሞቅ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ውጡ ቢሏችሁ አትወጡም። ኅዳርና ታኅሣሥ ሱሉልታ በኩል ውርጭ ይጥላል። ያን ጊዜ ፀሐይ እስኪያርፍበት ጠብቁ፤ ውርጭ ላይ ጀግንነት አያስፈልግም።

3. መሬቱን ለዩ

የዳርቻ ሰው በአንድ የእግር ጉዞ አምስት ዓይነት መሬት ይረግጣል። ሁሉም ጠባዩ ሌላ ነው።

ኮብል። የቆየ ኮብል ከሁሉም ይሻላል። ጎማና እግር አለስልሶታል። ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት አካባቢ የቀኑን ሙቀት እንደያዘ ነው፤ የደከመ እግር ያሳርፋል። አዲስ የተነጠፈውን ግን ተዉት። ድንጋዩ ሲጠረብ የረገፈው ስባሪ በየስንጥቁ አለ፤ ጠርዙ ምላጭ ነው። አንድ ክረምት ዝናብ ይጠበው።

ገረጋንቲ። ኮንዶሚኒየሙ ጋ የሚያደርሰው፣ አስፋልት ይመጣል የተባለበት መንገድ ሁሉ ገረጋንቲ ነው። ጫማ አድርጉ። የለመደ እግር ያልፈዋል፤ ደስታ ግን የለውም፣ ደስታ ከሌለው ደግሞ ለምን? ቀይ አሽ የተደፋበትም እንደዚያው፤ ሲረገጥ ይሰበርና የተሰበረው ይቆርጣል።

አስፋልት። ጠዋትና ማታ ጥሩ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ቀን 7 ሰዓት ላይ ያቃጥላል። መለኪያው ቀላል ነው፤ የእጃችሁን ጀርባ አስቀምጡበት፤ ማቆየት ካቃታችሁ እግርም አይችለውም። የመንገዱን ጠርዝ ራቁ፤ የጠርሙስ ስባሪ ተጠርጎ የሚከማቸው እዚያ ነው።

መረሬ። አቃቂ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ በኩል ያለው ጥቁር አፈር። በበጋ ይሰነጠቃል፣ ጓሉ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። በክረምት እግር ይዞ አይለቅም። ውስጡ የገባውን ስለት ስለማያሳይ እርጥቡን መረሬ አልመክርም። መካከለኛው ጊዜ ግን፣ ክረምቱ ወጥቶ አፈሩ ገና ሳይሰነጠቅ፣ የከብት መንገዱ ላይ ለስልሶ ይገኛል። ያኔ ሂዱበት።

ጫካ። እንጦጦና የጉለሌ እጽዋት ማዕከል አካባቢ የባህር ዛፍ ቅጠል የሸፈነው መሬት ይመቻል፤ ሲረገጥ ሽታው ይነሳል። ችግሩ የተቆረጠ ባህር ዛፍ ጉቶ ዙሪያ የሚቀረው የሾለ ቁጥቋጥ ነው። ቀጋና አጋም ባለበትም እሾሁ ከቅጠል ሥር ይደበቃል። ኮሸሽላ ደርቆ ሲወድቅ ከሩቅ አይታይም። ሳማ ደግሞ እግርን ሳይሆን ባትን ነው የሚለበልበው።

የሚሠራ ሕንፃ አጠገብ በጭራሽ። ሚስማር ያለበት ጣውላ፣ የቆርቆሮ ቁራጭ፣ ያልደረቀ ሲሚንቶ። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ይበላል፤ ሲነካችሁ አያምም፣ ከሰዓታት በኋላ ነው የሚያቃጥለው። ሰው ሜዳ ላይ የሚጸዳዳበት አካባቢና የፍሳሽ ቦይ ዳርም እንደዚሁ። ሁክዎርም የሚባለው የአንጀት ትል እጭ ከእንዲህ ያለ እርጥብ አፈር በእግር ቆዳ በኩል ይገባል፤ አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል፤ ሰውየው ለምን ገረጣሁ እያለ ይከርማል።

4. አረማመድ

ጫማ ያደረገ ሰው ተረከዙን ጥሎ ይሄዳል። ጫማው ስለሚችልለት ነው። በባዶ እግር እንዲህ ከሄዳችሁ ጉልበታችሁ ድረስ ይሰማል። እርምጃውን አሳጥሩት። እግራችሁን አትጣሉት፣ አስቀምጡት። ጉልበት ትንሽ ይታጠፍ። ዓይናችሁ ከፊት ሦስትና አራት እርምጃ ላይ ይሁን፤ እግራችሁ ሥር ማየት ከጀመራችሁ አንገታችሁን ያማችኋል፣ የሚመጣውንም አታዩም።

እግር መሬት ላይ እያለ አታዙሩት፣ አትጎትቱት። አብዛኛው መቆረጥ የሚመጣው ከመርገጥ ሳይሆን ከመጎተት ነው። ስለት ላይ ቀጥ ብላችሁ ብትቆሙ ብዙ ጊዜ ቆዳው ይችለዋል። ስለት ላይ ብትጎትቱት ይሰነጥቃችኋል። ስለዚህ በስልክ እያወሩ በባዶ እግር መሄድ የለም።

መሮጥ የሚያምራችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የአበበ ቢቂላ አገር ሰው ሆኖ የማያምረው የለም። ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2፡15፡16 ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ምሽት። ያን ጊዜ የአክሱም ሐውልት እዚያው ሮም ነበር፤ አጠገቡ አልፏል። ግን ታሪኩን ስናወራ ቀሪውን እንዘለዋለን። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ በጫማ ሮጦ በ2፡12፡11 ገባ፤ ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ጥገና ከተደረገ ብዙ ሳይቆይ። አበበ ከጫማ ጋር ጠብ አልነበረውም። ሮም ላይ ያገኘው ጫማ አልተመቸውም፤ በባዶ እግር ደግሞ ልምምድ ነበረው። እናንተም ልምምዱ ሳይኖራችሁ አትሩጡ። ቢያንስ አንድ በጋ ሙሉ በእርምጃ አሳልፉ። ከዚያ ሣር ላይ፣ ለጥቂት ደቂቃ።

5. ቦርሳ ውስጥ የሚያዝ

ሁልጊዜ ጫማ ያዙ። ነጠላ ጫማ ቀላል ነው፤ ለጭቃና ለገረጋንቲ ግን በረባሶ ይሻላል፤ ጎማው ሚስማር ይችላል። አንድ ሃይላንድ ውሃ። ቁራጭ ሳሙናና ጨርቅ። ወረንጦ፣ መርፌ፣ አልኮል፣ ፕላስተር። ቢመሽባችሁ ባትሪ፤ የዳርቻ መንገድ መብራት የለውም፣ ሲመሽ ደግሞ ጫማ ማድረግ ግዴታ ነው። ታክሲ ከመሳፈራችሁ በፊትም አድርጉ፤ የሙሉ ሚኒባስ ውስጥ የሰው ቦት ጫማ ጣታችሁ ላይ ሲያርፍ የሚያዝንላችሁ የለም።

6. ማታ ማታ እግር ማጠብ

ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ የሚያስታውስ ሰው ይህን ያስታውስ።

በአገራችን እግር ማጠብ አዲስ ነገር አይደለም። የመንገድ እንግዳ መጥቶ ሳይታጠብ አይቀመጥም ነበር። ማታ ልጅ ውሃ አሙቆ የአባቱን እግር ያጥባል፣ «እደግ» ይባላል። ጸሎተ ሐሙስ ላይ ቤተክርስቲያን ውስጥ እግር ይታጠባል። እኛ ሻወር ሲመጣ ተውነው። ሻወር ውስጥ እግር የሚታጠበው በሚወርደው ውሃ ነው፤ ማንም ጎንበስ ብሎ አያየውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ውሃ በፈረቃ ለሆነብንም የሚበቃ ነው፤ አንድ ጆግ ለብ ያለ ውሃና አንድ ሳፋ። ዝቅ ባለ ዱካ ላይ ተቀመጡ። መጀመሪያ አቧራውን ብቻ አለቅልቁና ውሃውን ድፉት። ከዚያ በሳሙና። ውስጥ እግርን በአውራ ጣት እየጫናችሁ ከተረከዝ ወደ ጣቶች እሹት፤ የተሰካ ነገር ካለ ጣታችሁ ከዓይን ቀድሞ ያገኘዋል። እያንዳንዱን የጣት መሃል ክፈቱና እጠቡ። ትንሿ ጣት ሥር ሁልጊዜ የሚረሳ ቦታ ነው። ጥፍር ሥር ጥቁር ነጥብ ያለውና የሚያሳክክ እብጠት ካያችሁ ሙጃሌ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ሞቅ ያለ አገር ደርሳችሁ ከተመለሳችሁ። እሱን በእሳትና በአልኮል በጸዳ መርፌ ሳይፈነዳ ማውጣት ነው፤ የማትችሉ ከሆነ ጤና ጣቢያ ያወጡታል።

ጨው መጨመር ብዙ ሰው ይወዳል። ለደከመ እግር አልቃወምም፤ የተሰነጠቀ ተረከዝ ላይ ግን ያቃጥላል፣ ቆዳም ያደርቃል።

አድርቁ። ዋናው ነገር እዚህ ነው፣ የጣት መሃል እርጥብ ሆኖ ካደረ ፈንገስ ይመጣል። ከዚያ ቫዝሊን፣ ጣቶች መሃል ሳይሆን ተረከዝና ውስጥ እግር ላይ። በባዶ እግር የሚሄድ ሰው ቆዳው እንዲወፍር ይፈልጋል፤ ወፍራምና ደረቅ ግን ይሰነጠቃል። የምንፈልገው ወፍራምና የሚለጠጥ ነው። ተረከዝ ንቃቃት ከጀመረ በእግር መፈግፈጊያ ድንጋይ ቀስ ብላችሁ ጠርዙን አለስልሱ፣ ቫዝሊን ጠገብ አድርጉ፣ ካልሲ አጥልቃችሁ ተኙ። በምላጭ የሚቆርጡ አሉ። አይደረግም።

7. ሲወጋችሁ

መውጋቱ አይቀርም። እሾህ ከሆነ ቁጭ ብላችሁ በሃይላንዱ ውሃ አጥባችሁ፣ በወረንጦ በገባበት መስመር መልሳችሁ ሳቡት። የጠርሙስ ቁራጭም እንደዚያው። ከታጠበ በኋላ ፕላስተር፣ ከፕላስተሩ በላይ ጫማ። ቁስል ያለበት እግር እስኪድን ጫማ ውስጥ ነው።

ሚስማር ሌላ ነው። ቀዳዳው ትንሽ ነው፣ ደሙም ብዙ አይደለም፤ ለዚያ ነው ሰው የሚንቀው። ጥልቅና ጠባብ ቁስል ለመንጋጋ ቆልፍ የተመቸ ነው። በሳሙናና በብዙ ውሃ አጥባችሁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ክትባት ከወሰዳችሁ 5 ዓመት ካለፈ ይደግሙላችኋል። ቡና ወይም አፈር ቁስል ላይ አትነስንሱ።

8. ሰው ምን ይላል?

ይላል። ታክሲ ተራው ጋ ያለው ሊስትሮ እግሬን አይቶ «ጋሼ፣ እሱን ልቦርሽ?» ብሎኛል። ሳቅን፣ አለቀ። ከባዱ የትልልቅ ሰዎች ነው። የሰፈራችን አንዲት እናት አስቁመውኝ «ልጄ፣ ምነው? ምን አጣህ?» አሉኝ። ለደስታ ነው አልኳቸው። «እኛ ጫማችንን በእጃችን ይዘን ሄደን፣ ከተማው ሲቃረብ ነበር የምናደርገው። እንዳያልቅ። አንተ አድርገህ ወጥተህ ታወልቃለህ?» አሉ። በዚያ ትውልድ ዓይን የልጅ ባዶ እግር ሐዘን ነው። መከራከር አያስፈልግም። እሳቸው በር ላይ ስደርስ ጫማዬን አደርጋለሁ፤ ሲገናኙን ይመርቁኛል።

ለቅሶ ቤት፣ ሰርግ፣ ቀበሌ፣ ባንክና ሐኪም ቤት ጫማ አድርጉ። ሰው ቤት በባዶ እግር ከደረሳችሁ ምንጣፍ ከመርገጣችሁ በፊት የእግር ውሃ ጠይቁ፤ ማንም አይነፍጋችሁም። ቤተክርስቲያንና መስጊድ ብቻ ነው ማንም ለምን አወለቅክ የማይላችሁ። ጫማ እንዳይጠፋ ከመሳለሙ ጎን ለጎን በዓይን መጠበቅም አይኖርም፤ ቦርሳችሁ ውስጥ ነው ያለው።

9. ክረምት ሲገባ

ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ውጭ በባዶ እግር መሄዱን አቁሙ። ጎርፍ የሰው ቆሻሻ፣ ጠርሙስና ሽቦ ከላይ ሰፈር አምጥቶ ሜዳው ላይ ያለብሳል፤ ጭቃው ይሸፍነዋል። ቦቲ ግዙ። ቤት ውስጥና በረንዳ ላይ ቀጥሉ፣ ማታ መታጠቡንም አትተዉ፤ ቀኑን ቦቲ ውስጥ የዋለ እግር በባዶ ከዋለው የባሰ ይሸታል።

መስከረም ላይ ሣሩ ጉልበት ድረስ ይደርሳል፣ አደይ ይፈነዳል፣ ጫማ አውልቁ አውልቁ ይላል። ትንሽ ታገሱ። ረጅም ሣር ውስጥ ያለው አይታይም። ከብት ይጋጠው፣ ወይ ይታጨድ። ጥቅምት ሲገባ ከሁለተኛው ደረጃ እንደገና ጀምሩ፤ ከ10 ደቂቃ፣ በአንድ ቀን ልዩነት። ቦቲው እግራችሁን አለስልሶታል፤ ባለፈው በጋ ገረጋንቲ ያቋረጠው እግር አሁን የለም።